ጋሽ ይመርና የማይቆመው ሙሌት

ስልኬ ሲጮህ ሚክሰሩ እየዞረ ነበር። ወልድያ ዳር አንዲት ጠባብ ግቢ ተከራይቼ ብሎኬት አመርታለሁ፤ በዚያን ሰዓት ሲሚንቶው ገብቶ፣ ውኃው ተጨምሮ፣ ድብልቁ ገና መያያዝ ጀምሯል። የደወለው የግራናው ሰይድ ነው፤ ድሮ ዋሻ ውስጥ አብረን ስንሠራ የኮንክሪት መንዘሪያውን፣ ቫይብሬተሩን፣ ይይዝ የነበረው። ሰላምታም አላበዛም።

«ጋሽ ይመር ወደ አኼራ ሄዱ» አለኝ። «ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው የሚቀበሩት። ላንተ ሳልነግርህ ብቀር ራሳቸው አይለቁኝም።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። እጄ ግን ሚክሰሩን አላጠፋም። ድብልቁን ጨርሼ ቅርጹ ውስጥ ሞላሁ፣ የመጨረሻዋን ብሎኬት አውጥቼ ሚክሰሩን አጠብኩ፤ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ሰው ጨካኝ ሳልመስለው አልቀርም፣ ትኩር ብሎ አየኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? የተጀመረ ድብልቅ ጥዬ ብሄድ ኖሮ ጋሽ ይመር ከቃሬዛው ላይ ቀና ብለው ይሰድቡኝ ነበር።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ካቦ አይቻለሁ። የሚሳደብ አይቻለሁ፣ ጥላ ፈልጎ የሚተኛ አይቻለሁ፣ አለቃ ሲመጣ ብቻ አካፋ የሚያነሣም አይቻለሁ። ጋሽ ይመርን የመሰለ ግን አላየሁም፤ ከእንግዲህም የማይ አይመስለኝም። ቁመታቸው ረጅም፣ ሰውነታቸው ቀጭን፣ ጺማቸው በሒና የቀላ ነበር። ከጆሯቸው ላይ መፋቂያ አይጠፋም። ጥምጣሜን አላወልቅም ስላሉ ሄልሜቱ የሚቀመጠው ከጥምጣሙ በላይ ነው፤ ከሩቅ ሲታዩ ራሳቸው ላይ ሳህን የደፉ ይመስላሉ። ሽርጣቸውንም አልተዉም፤ ጫፉን ቦቲያቸው ውስጥ ሸጉጠው ይገባሉ። የሥራ ደኅንነት ኃላፊው መጀመሪያ ሰሞን ተከራከራቸው፣ ኋላ ሰለቸው፣ በመጨረሻም ሽርጡን እንዴት ቢሸጉጡት እንደሚሻል ይመክራቸው ጀመር።

ትሑት ሰው አልነበሩም። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ እሳቸውም እንድደብቅላቸው አይፈልጉም። ራሳቸውን በስማቸው እየጠሩ ነበር የሚያወሩት። «ይመር የዘራውን ማሾ አይተሃል?» ይላሉ። «ይመር የካበውን እርከን ጎርፍ ሲወስደው አይተሃል?» ይላሉ። አላየሁም ካልኳቸው «አታይማ!» ብለው ይስቃሉ። ሰው ሲጨነቅ ደግሞ «አብሽር» ነው ቃላቸው። በእኛ በወሎዎች ዘንድ አብሽር የማይል ሰው የለም፤ የእሳቸው አብሽር ግን እጃቸውን ትከሻህ ላይ ጣል አድርገው ስለሚሉት ይሁን፣ ድምፃቸው ወፍራም ስለሆነ ይሁን፣ እውነትም ጭንቀቱ የሚቀልልህ ይመስልሃል።

በመንደራቸው የቅሬ ዳኛ ነበሩ። ቅሬ ሰው ሲሞት አብሮ የሚቀብረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው ማኅበር ነው፤ የእሳቸው ቅሬ እስላም ክርስቲያን ሳይል መንደሩን ሁሉ ያቀፈ ነው። በእሳቸው ዳኝነት ጊዜ ከቀብር የቀረ ሰው ወዮለት። ታምሜ ነበር ላለው ይራራሉ። ሥራ ላይ ነበርኩ ያለውን ግን ፈገግ ብለው ያዩትና የሞትን መልአክ ጠርተው «መለከል መውትም እኮ ሥራ ላይ ነበር» ብለው ይቀጡታል። ይህን ነገራቸውን አስታውሱልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

የተገናኘነው ሀብሩ ውስጥ፣ ከግራና ብዙም ሳይርቅ፣ ለባቡር መንገድ ተራራ ሲበሳ ነው። እኔ የሚክሰር ኦፕሬተር ሆኜ ከወልድያ ሄድኩ። ተራራውን የሚቆፍሩት ሌሎች ነበሩ፤ የእኛ ቡድን ሥራ ከዋናው ዋሻ ጎን የሚወጣውን ጠባብ ዋሻ በኮንክሪት ማልበስ ነበር። አደጋ ቢመጣ ሰው የሚያመልጥበት መንገድ ነው አሉን። ትልቅ መኪና ስለማይገባበት ሥራው በሰው ጉልበት ነው። ከእኔና ከኢንጂነሩ በስተቀር ሠራተኛው ሁሉ የአካባቢው ሰው ነበር፤ ገበሬም አለበት፣ ነጋዴም አለበት፣ ግንበኛም አለበት። ጋሽ ይመር ያኔ ካቦ አልነበሩም፣ እንደ ሌላው ባሬላ ተሸካሚ ነበሩ።

ኢንጂነሩ ሄኖክ ይባላል፤ ወጣት፣ ዝምተኛ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው። የሀብሩ ፀሐይ ውጭ የተቦካ ኮንክሪት እንደማያስተርፍ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ገብቶታል። ስለዚህ አሸዋውን፣ ጠጠሩንና ሲሚንቶውን በደረቁ ወደ ውስጥ እያስገባን ውኃውን እዚያው ዋሻ ውስጥ፣ እኔ ሚክሰር ላይ፣ እንድንጨምር አደረገ። ከእኔ ዘንድ በባሬላ ወደ ፓምፑ ይወሰዳል፤ ፓምፑ በቱቦ ገፍቶ ኮንክሪቱን ቅርጽ በሚያስይዘው የብረት ካሳፎርማና በተራራው ድንጋይ መካከል ወዳለው ክፍተት ያስገባዋል። ክፍተቱ ከሥር ጀምሮ እስከ ጣሪያው ሳይቋረጥ መሞላት አለበት። መሐል ላይ ከቆመ የታችኛው ይደርቃል፤ በላዩ ላይ የሚፈሰው አዲሱ አይዋሃደውም። ከላይ ሲያዩት አንድ ይመስላል። ውኃ ግን መገናኛውን ፈልጎ ያገኘዋል።

ይህን ሁሉ ኢንጂነር ሄኖክ በደንብ አስረድቶናል። እኛም ገብቶናል ብለናል። የመጀመሪያው ሙሌት ቀን ግን ምን ሆንን መሰላችሁ? ደቦ አደረግነው። የሀብሩ ገበሬ ብዙ ሆኖ ከባድ ሥራ መሥራት የሚያውቀው በደቦ ነው፤ በዘፈን ይነሣል፣ ይሽቀዳደማል፣ ሆ እያለ ማሳውን ይጨርሳል፣ ምግብ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ አካፋውን ጥሎ ይቀመጣል። ዋሻው በዘፈን ተናወጠ። ሥራው በረረ። ኢንጂነሩ ራሱ ፈገግ አለ። ከዚያ ምሳ መጣ፣ ሁላችንም እኩል ተቀመጥን፣ በልተን አንድ ሁለት ጨዋታ ተጫወትን፤ ስንነሣ ፓምፑ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ኮንክሪት መግፋት አቅቶት ያቃስታል። ቱቦው ደረቀ። ግድግዳው ግማሽ ላይ ቀረ።

ኢንጂነሩ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለን ነበር። ማግስቱን ሰበሰበንና «ይህ ሙሌት ፈርሶ ይወጣል» አለ። «ከበላይ ያሉት ከሌላ ቦታ የለመደ ቡድን እናምጣ እያሉኝ ነው። አንድ ዕድል ስጡልኝ ብዬ ለምኛለሁ። ከተደገመ ግን የምከራከርበት አፍ የለኝም።»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሥራ ማጣቱ አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን ሌላ ነበር፤ ጋሽ ይመር ጮክ ብለው የተናገሩትን ሁሉም በልቡ ብሎታል። «የገዛ ተራራችንን ሌላ ሰው መጥቶ ሊያለብስልን?» አሉ። «ልጆቻችን በዚህ ሲያልፉ ማን ሠራው ቢሉን ምን ልንል ነው? ጀምረን አቃተን?»

በዚያ ሰሞን መንደሩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሞቱና ሄደን ቀበርን። እኔም አብሬ ወጣሁ። ዳገቱ ልብ ያፈርሳል፤ ቃሬዛው ግን አንድ ጊዜም ሳይቆም ወጣ። ከኋላ የሚመጣው ሰው አጅሩ፣ ምንዳው፣ ለእኔም ይድረሰኝ እያለ የፊተኛውን ትከሻ ነካ አድርጎ ይገባል፤ የፊተኛው ወጥቶ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ሌላውን ይተካል። ይህን ስናደርግ የኖርን ሰዎች ነን፣ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ጋሽ ይመር ግን ያን ቀን ልብ አሉት።

በነጋታው ጠዋት ሁላችንንም ሳይት ላይ አቆሙን። «ባሬላ አምጡ» አሉ። አሸዋ አስሞሉትና አራት ሰው አሸከሙት።

«እስቲ ንገሩኝ» አሉ። «ሬሳ ተሸክማችሁ መንገድ ላይ ምሳ በልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ኧረ በነቢ!» አለ ሰይድ።

«ደከመን ብላችሁ ሁላችሁም በአንድ ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ?»

«የለም።»

«ታዲያ ማሽላ የምናጭድ ይመስል ማን ዝፈኑ አለን? ይሄ ደቦ አይደለም፤ ይሄ ቀብር ነው። ሬሳ እያለ ቁጭ የሚል ሰው የለም፣ ኮንክሪት እያለም ቁጭ የሚል ሰው የለም። በሉ ሂዱ!»

አበራ የሚባል ተረበኛ ልጅ ነበረን፤ ከጉባ ላፍቶ ደጋ ወርዶ እዚያው መንደር የሚኖር ክርስቲያን። «ጋሽ ይመር፣ ሳንሞት ሊቀብሩን ነው እንዴ?» አለ። «አንተን መጀመሪያ!» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሳቁም ጠቀመን። በአሸዋ የተሞላውን ባሬላ ይዘን ግቢውን እንዞር ጀመር። ፓምፑና ቫይብሬተሩ ሲሠሩ ሰው ሰውን አይሰማም፤ ስለዚህ ወሬ የለም፣ ጥሪ የለም። ከኋላ ትከሻህን የነካህ ሰው መጥቻለሁ ማለቱ ነው። እጁ ከእጅህ ሥር እስኪገባ አትለቅም፤ ከገባ ደግሞ አትቆይም። ምግቡም እንዲሁ፣ የወጣው ጎርሶ ይመለሳል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ያልታሰበ ጣጣ ግን መጣ፤ ጨዋነታችን። ትከሻው የተነካው ሁሉ ዞር ይልና «ግዴለም፣ አልደከመኝም፣ አንተ ረፍ» ይላል። ሌላው «በሞቴ አምጣ» ይላል። «ኧረ አልሰጥም፣ በአላህ!» «ኧረ ትሰጠኛለህ!» ባሬላው መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይለማመናሉ። ጋሽ ይመር መፋቂያቸውን ከጆሯቸው ላይ መዝዘው እንደ ልምጭ እያወዛወዙ መጡ። «እዚህ ይሉኝታ የለም!» ብለው ጮኹ። «ይሉኝታችሁን ቤት አስቀምጡት፣ ለበዓል ይሆናችኋል። ትከሻው የተነካ ይለቃል!»

ሁለተኛው ሙሌት ሳይቆም ጣሪያው ጋ ደረሰ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ኢንጂነር ሄኖክ ከዚያ በኋላ ካቦ አደረጋቸው፤ እሳቸውም ድሮም ካቦ የነበሩ ይመስል አንዲት የደስታ ምልክት ሳያሳዩ ተቀበሉት። ሁለቱ ይዋደዱ ነበር። ኢንጂነሩ ኮንክሪት ቶሎ እንዳይደርቅ የሚያደርገውን ፈሳሽ ሲያሳያቸው ጠርሙሱን በብርሃን ላይ አገላብጠው አዩትና «የእንቅልፍ ሽሮፕ ነዋ» አሉ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ኢንጂነሩም በዚሁ ስም ነበር የሚጠራው። ካሳፎርማው ተፈትቶ ግድግዳው ሲገለጥ በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል፣ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ከዚያ ለግድግዳውም «አብሽር» ይሉታል።

አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ የመንደሩን ሽማግሌዎች አሰልፈው ይዘዋቸው መጡ፣ ሥራቸውን ሊያሳዩ። «ይህን ያለበሰው ይመር ነው» አሉ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየመቱ።

«ብቻዎን ነው?» አለ አበራ።

«አንተም አግዘኸኛል» አሉት።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። ዋሻው ውስጥ ተራራው ውኃ የሚያነባበት አንድ ክፉ ቦታ ነበር። ኢንጂነሩ ከበላይ የሚመጡት ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ግድግዳ እንደሆነ ነግሮናል። ይህ ከያዘ ዋሻውን የምንጨርሰው እኛ ነን፤ ካፈሰሰ ደግሞ ሌሎች ይመጣሉ። በጠዋት ጀመርን። ጉልበታችን ሙሉ፣ ሥራችን የተሳካ ነበር። ግድግዳው ከወገብ አልፎ ወደ ትከሻ ሲደርስ ከዋሻው አፍ አንድ ሰው እየሮጠ ገባ፤ የቅሬው ጠሪ ነው። ጋሽ ይመር ጆሮ ላይ ተጠግቶ ተናገረ። የሰይድ እናት አርፈዋል። ዛሬውኑ ይቀበራሉ።

ጋሽ ይመር ወደ ሰይድ ሄዱ። ሰይድ ካሳፎርማው ላይ ወጥቶ ቫይብሬተሩን ኮንክሪቱ ውስጥ ከትቶ አየሩን እያስወጣ ነበር፤ ውኃው በሚበረታበት በዚያ ቦታ በደንብ ካልተነዘረ ባዶ ቀዳዳ ይቀራል። ትከሻውን ነኩት። ዞረ። ፊታቸውን ሲያይ ገባው። እጃቸው ከእጁ ሥር ገባና ቫይብሬተሩን ወሰዱ።

«ሂድ፣ እናትህ ናቸው» አሉት። «እዚህ ያለው ቦታህ አይጠፋም።»

ሰይድ እያለቀሰ ወጣ። የቀረው ሰው ሁሉ ጋሽ ይመርን አየ። ሁሉም የቅሬው አባል ነው፤ ከቀብር የቀረ ምን እንደሚሆን ያውቃል፣ የሚቀጣውም ራሱ ካቦው ነው። ከሄዱ ደግሞ ሙሌቱ ይቆማል። ኢንጂነር ሄኖክ ነገሩን ሰምቶ መጣ።

«ጋሽ ይመር፣ ሰዎቹን መከልከል አልችልም፤ ሐዘን ነው» አለ። «ግን አሁን ከቆመ…»

«ማን ይቆማል አለህ? ይሄዳሉ፣ አይቆምም። ሽሮፕህን ጨምርልኝ፣ ፓምፑንም ዝግ አድርገው። የቀረውን ለትከሻ ተወው።»

ኢንጂነሩ አንድ ጊዜ አሰበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በሚቀጥለው ድብልቅ ምን ያህል ፈሳሽ እንደምጨምር ነገረኝ፣ ፓምፑን ራሱ አስተካከለ፣ ሲመለስ እጅጌውን ሰበሰበና ከባሬላው ፊት የቆመውን ሰው ትከሻ ነካ። ሰውየው ደንግጦ ለቀቀ። ጥበቃውም ገባ፣ ሾፌሩም ገባ። መቃብሩ ከዋሻው በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ነው፤ አሸዋ የሚያመላልሰው መኪና ጥቂት ጥቂት ሰው እየጫነ ያወጣ ጀመር። የጋሽ ይመር ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ሂዱ፣ ተሸከሙ፣ አፈር መልሱ፣ ተመለሱ። የሄደው ሳይመለስ ቀጣዩ አይሄድም።

እኔ የዚያ ቅሬ አባል አልነበርኩም፤ ሚክሰሬን ይዤ ሁሉንም አየሁ። ከላይ የሚመለሱት እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ዓይናቸው ቀልቶ ይገባሉ፤ የመቃብሩ ቀይ አፈር እጃቸው ላይ ነው፤ ትከሻ ነክተው ይተካሉ። የኢንጂነሩ ነጭ ሸሚዝ ትከሻው ላይ በአፈር ቀላ። ተነክቶ ይወጣል፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ይገባል፣ እንደገና ይነካል። በመጀመሪያው ሙሌት ደቦ ያደረግን፣ ምሳ ላይ ቱቦ ያስደረቅን ሰዎች፣ ሐዘን ይዘን ሳንቆም እየሞላን ነው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የኮራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ያልለቀቀ ሰው ቢኖር አንድ ብቻ ነበር። ከሰይድ ሌላ ያን ክፉ ቦታ የሚያውቁት ጋሽ ይመር ናቸው። እየመጡ ትከሻቸውን ይነኩ ነበር፤ አበራ ነካቸው፣ ሌላም ነካቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው «ቆይ፣ ቆይ» ይላሉ። የገዛ ሕጋቸውን አፈረሱ። የመጨረሻዎቹ ሰዎች ሲመለሱ ነው ዞር ያሉት።

«መቃብሩ ተዘጋ?» አሉ።

«ተዘጋ ጋሽ ይመር። ዱዓም ተደርጓል።»

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። «አላህ ይዘንላት» አሉና ተመልሰው ቫይብሬተሩ ላይ አጎነበሱ፤ ጣሪያው እስኪሞላ ቀና አላሉም።

ካሳፎርማው ሲፈታ ከበላይ ሰዎች መጡ። አንዱ ግድግዳውን በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ዳበሰና እጁን አገላብጦ አየው። ደረቅ። ሌላ ቡድን የሚለው ወሬ ከዚያ ቀን በኋላ አልተነሣም፤ ዋሻውን እስከ መጨረሻው ያለበስነው እኛው ነን። ጋሽ ይመር ግን ግድግዳውን አላንኳኩም፣ «ይህን የሞላው ይመር ነው»ም አላሉም። ለምን እንደሆነ የገባኝ የቅሬው ስብሰባ ላይ ነው።

ሰይድ ለምኖኝ አብሬው ሄጄ ነበር። ቅሬው መስጊዱ ደጅ ተቀምጧል። ጋሽ ይመር ከዳኝነት ቦታቸው ተነሥተው ከፊት ለፊት፣ ተከሳሽ በሚቆምበት ቆሙ።

«ይመር ከቀብር ቀርቷል» አሉ። «ቅጡት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ሥራ ላይ ነበርክ እኮ» አሉ አንዱ።

«ሥራ ላይ ነበርኩ ያለውን ሁሉ ስቀጣ አልኖርኩም? ያኔ ያልሠራ ምክንያት ዛሬ ለይመር ይሠራል?»

ሰይድ ብድግ አለ። «የእኔ እናት ናት። የሄዱትን ሁሉ የላኩት እሳቸው ናቸው። እኔ ይቅር ብያለሁ።»

«አንተ ይቅር ብለኸኛል፣ አላህ ይስጥህ» አሉት። «ቅሬው ግን ያንተ ብቻ አይደለም። ዛሬ እኔን ካለፈ ነገ ማንም አይቀበርም።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ግድግዳውን ብለቀው ኖሮ ያፈስ ነበር። አልለቀቅኩም፣ ዛሬም ቢሆን አልለቅም። ቅጣቱን ደግሞ እፈልጋለሁ። ሁለቱም የእኔ ናቸው።»

የመቃብሩ አጥር በአንድ በኩል ፈርሶ ነበር። እሱን በድንጋይ እንዲክቡ ፈረዱባቸው። በዕረፍት ቀናቸው ብቻቸውን ካቡት፤ ልናግዛቸው ብንሄድ በመፋቂያቸው አባረሩን። ሲጨርሱ ግን ጠርተው አሳዩን። «አጥር ማለት ይሄ ነው!» አሉ። ተመልሰው የድሮው ጋሽ ይመር ሆኑ፣ እኛም ተገላገልን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር መጣ፣ ሥራውም ቆመ፣ ሁላችንም ተበታተንን። እሳቸው ወደ ማሾና ማሽላቸው ተመለሱ። አልፎ አልፎ ስደውልላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ጤናዬ አይደለም። «ብሎኬትህ ይሰነጠቃል?» ነው የሚሉት። አይሰነጠቅም ስላቸው «አይሰነጠቅማ፣ ከማን ተማርክና!» ይላሉ።

ያን ዕለት ሚክሰሬን አጥቤ ሚኒባስ ያዝኩ፤ ሲሪንቃን አልፌ መርሳ ወረድኩ፣ ከዚያ በባጃጅ ግራና ገባሁ። ሰይድ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ከመተቃቀፋችን አስቀድሞ የጠየቅሁት ስለ ግድግዳው ነው።

«በክረምቱ ገብቼ አይቼዋለሁ» አለኝ። «ተራራው ከውጭ ያለቅሳል። ግድግዳውን ግን ንክችም አላለው፣ ደረቅ ነው። ለጋሽ ይመር ስነግራቸው ታመው ተኝተው ነበር። ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ይመር የሞላውን ውኃ ሊያልፈው!›»

ሳቅን፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። ቤታቸው ደጅ የዋሻው ሰው ሁሉ ነበር። አበራ ከደጋ ወርዷል። ኢንጂነር ሄኖክ ከሩቅ መጥቷል፤ ጠጉሩ ሸብቷል፣ ያው ዝምተኛ ነው። ቃሬዛው ተነሣ። ማንም ቦታ አልሰጠንም፣ ማንም አላዘዘንም። ዳገቱ ሥር ስንደርስ የፊተኛውን ትከሻ ነካሁና ገባሁ። ቀላል ነበሩ፤ ያን ሁሉ ትምክሕት ተሸክሞ የኖረ ሰው እንደዚህ ይቀላል ብዬ አላሰብኩም። ከላይ አጥራቸው ታየኝ፤ አንድ ድንጋይ አልወደቀበትም። መቃብራቸው የተቆፈረው ከእሱ ሥር ነው።

በዚህ መሐል ትከሻዬ ተነካ። ዞር ስል ኢንጂነር ሄኖክ ነው። መልቀቅ አልፈለግሁም። አልደከመኝም፣ ትንሽ ልሂድ፣ እስከ አጥሩ ድረስ ብቻ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ያኔ መፋቂያቸውን ሲያወዛውዙ ታዩኝ። እጁ ከእጄ ሥር ገባ። ለቀቅሁና ወደ ኋላ ቀረሁ። እሱን አበራ ነካው፣ አበራን ሰይድ ነካው። ቃሬዛው ከቤታቸው ደጅ ተነሥቶ መቃብሩ አፍ እስኪደርስ አንድ ጊዜም አልቆመም።